ከጉልበቱ በፊት ፍሬኑ

(በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር የወር ስብሰባ ላይ ስለ መኪና ማሻሻል የተደረገ ንግግር)

ከአዘጋጁ፦ ባለፈው ወር ስብሰባችን፣ ማታ ማታ በሠፈራችን ስለሚጮኹት መኪናዎች የቀረበው አቤቱታ ረዘም ያለ ክርክር እንዳስነሣ አባላት ያስታውሳሉ። «የተነካካ መኪና በሙሉ በሠፈሩ ውስጥ እንዳይቆም ይወሰን» የሚል ሐሳብም ቀርቦ ለዚህ ወር ተላልፎ ነበር። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት፣ በሠፈራችን ለብዙ ዘመን በመካኒክነት የኖሩት አባላችን ስለ ነገሩ እንዲያስረዱን ተጠየቁ። ንግግራቸው ላልተገኙት አባላትም ይደርስ ዘንድ ከነአነጋገሩ እነሆ።

* * *

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፤ እናቶች፣ አባቶች፣ እዚያ በር አጠገብ የተደረደራችሁት ወጣቶችም፤

እኔ የብሎን ሰው ነኝ እንጂ የንግግር ሰው አይደለሁም። ስለዚህ አነጋገሬ ቢንገጫገጭ ይቅርታ አድርጉልኝ። ይዤ የመጣሁት ይቺን በጋዜጣ የተጠቀለለች ነገር ነው። ምን እንደ ሆነች በኋላ አሳያችኋለሁ፤ ለጊዜው ጠረጴዛው ላይ ትቀመጥ።

ባለፈው ስብሰባ ሁለት ወገን ተናግሯል። አንደኛው ወገን «ሌሊት እንቅልፍ አጣን፤ ሕፃናት እየደነገጡ ይነሣሉ፤ በአዲሱ አስፋልት ላይ የሚበሩት ልጆች አንድ ቀን ሰው ይፈጃሉ» አለ። ሁለተኛው ወገን፣ ማለትም ወጣቶቹ፣ «ሰርቀን አልገዛን፤ በላባችን የገዛነውን መኪና ብናሳምረው ስለምን ዱርዬ እንባላለን?» አሉ። እኔ ሁለቱንም አዳመጥሁና ሁለቱም እውነት አላቸው ብዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ስለ መኪናው የሚያውቁት ግማሹን ነው። የቀረውን ግማሽ ለመናገር ነው የቆምሁት።

በመጀመሪያ ስለዚች መኪና ጥቂት ልበል። በሠፈራችን ልጆች እጅ በብዛት የምናያት ዲኤክስ የምንላት ቶዮታ ኮሮላ ናት። ፋብሪካው ኬኢ 70 ይላታል። ከኮሮላ ዘር አራተኛዋ ትውልድ ስትሆን እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣች ናት። በብዛት የምናገኘው ሞተሯ 4ኬ የሚባለው ነው፤ 1290 ሲሲ፣ ባለ ካርቡራተር፣ ጉልበቱም እንደ ተላከበት አገር ከ60 እስከ 70 ፈረስ ገደማ። ሞተሩ ከፊት ሆኖ የሚገፋው የኋላው ጎማ ነው። መኪናዋ ቀላል ናት፤ ውስብስብ ነገር የላትም፤ በመፍቻና በመዶሻ ብቻ ትፈታለች፣ ትገጠማለች።

ታዲያ የቤተ ሰብ መኪና ሆና ሳለች ልጆቹ እንደ እሽቅድምድም መኪና ለምን ያዩዋታል? ምክንያት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 ቶዮታ ኮሮላን የፊት ጎማዋ የሚጎትት አድርጎ ሲለውጣት፣ ባለ ሁለት በሮቹን ስፖርት መኪናዎች ግን የኋላ ጎማቸው እንደሚገፋ ተዋቸው። ከእነዚህ አንዷ ኤኢ 86 የምትባለው ናት። 4ኤ-ጂኢ የሚባል 1587 ሲሲ፣ 16 ቫልቭ ያለው ሞተር ተገጠመላት፤ በጃፓን መለኪያ 130 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የወጣ ነው። የጃፓን ወጣቶች ይህችን መኪና በጠመዝማዛ የተራራ መንገዶች ላይ ነዷት፤ ኬይቺ ቱሺያ የተባለው ሾፌርም ከዚያ መንገድ ተነሥቶ ታዋቂ ተወዳዳሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ሹይቺ ሺጌኖ «ኢኒሻል ዲ» ብሎ በሣለው የሥዕል ታሪክ ውስጥ ደግሞ፣ የቶፉ ሻጭ ልጅ በአባቱ መኪና ሲያድል ዓለም አነበበው፣ በፊልምም አየው። የእኛ ዲኤክስ ለዚያች መኪና የቅርብ ዘመድ ናት። የፊት እግሯንና ፍሬኗን ከዘመዷ ወስዶ መግጠም ይቻላል። እንግዲህ ልጆቹ የሚያልሙት ከሜዳ ተነሥተው አይደለም ማለቴ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ታገደ። ስለዚህ ያለችውን አሮጌ መኪና አድሶ መያዝ ለብዙ ልጅ ቅንጦት ሳይሆን ያለው ብቸኛ መንገድ ሆነ። ከዚህ ሠፈር ሦስት ልጆች በዚችው መኪና ላይ እጃቸውን አፍታትተው ዛሬ በጋራዥ ተቀጥረው ቤተ ሰብ ይረዳሉ። ይህን ዘንግተን «እናግድ» ብቻ ብንል ያስተዛዝባል።

ወጣቶች ደስ አላችሁ አይደል? ቆዩ፤ አሁን ወደ እናንተ ልመጣ ነው።

አንድ ልጅ ዲኤክስ ገዝቶ ወደ እኔ ሲመጣ የመጀመሪያ ቃሉ «ጋሼ፣ ጉልበት የላትም» ነው። እውነቱን ነው፤ የላትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚስበው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በፋብሪካ 70 ፈረስ የተባለው ሞተር እኛ ዘንድ ወደ 53 ገደማ ይወርዳል። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለው ካርቡራተር ግን ይህን አያውቅም፤ ያንኑ ቤንዚን ያፈሳል። ቤንዚኑ ይበዛል፣ አየሩ ያንሳል፤ መኪናዋ ታጨሳለች፣ ካንዴላዋ ይጠቁራል፣ ትደክማለች። ልጁ ግን ይህን ሳይጠይቅ ሮጦ ማርሚታ ያስቆርጣል። ድምፁ ሲያጓራ ጉልበት የጨመረ ይመስለዋል።

እስቲ አሁን በቅደም ተከተል እንሂድ። ከአንድ መኪና ላይ ምን ይነካል? ምንስ ይቅደም? እኔ የምለው እንዲህ ነው።

አንደኛ፦ ፍሬን።

ከሁሉ በፊት ፍሬን። አንድ የሚገርም ሕግ አለ፤ መኪና ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በምሳሌ ልንገራችሁ። በደረቅ አስፋልት፣ በደኅና ፍሬንና በደኅና ጎማ፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሾፌር ልጅ ሲገባበት አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት 14 ሜትር ሄዷል፤ ከዚያ ለመቆም ሌላ 14 ሜትር ያስፈልገዋል። በድምሩ 28 ሜትር። በ100 ኪሎ ሜትር ሲሆን ግን ገና እግሩን ሳያሳርፍ 28 ሜትር አልፏል፤ ለመቆም ደግሞ 55 ሜትር ይፈልጋል። በድምሩ 83 ሜትር፤ የኳስ ሜዳ ርዝመት ሦስት አራተኛው ማለት ነው። ዝናብ ከዘነበ ከዚህም ይረዝማል። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ዳቦ ቤቱ ስንት ሜትር እንደ ሆነ ነገ በእርምጃ ለኩት፤ ከዚያ ራሳችሁ ፍረዱ።

እንግዲህ ገንዘብ ያለው መጀመሪያ የኋላ ታምቡሩን ያስከፍት፤ የፍሬን ሸራው አልቆ እንደ ሆነ ይለወጥ፤ ዘይት የሚያንጠባጥበው ጎሚኒ ይቀየር። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ሲሰነብት ውኃ ይይዛል፤ ቁልቁለት ላይ ሲግል ውኃው ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፤ ያኔ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወረድም መኪናውን በከባድ ማርሽ ይዞ መውረድ እንጂ ፍሬን ላይ ተኝቶ መውረድ አይገባም። ከዚህ በኋላ ነው የኤኢ 86ን ትልቅ ዲስክ አምጥቶ መግጠም የሚታሰበው።

ሁለተኛ፦ ጎማና ቸርኬ።

መኪና መሬቱን የሚነካው በአራት መዳፍ በሚያካክሉ ቦታዎች ብቻ ነው። ሞተሩም፣ ፍሬኑም፣ መሪውም የሚሠሩት በእነዚያ በኩል ነው። ልጆቻችን ግን አብረቅራቂ ቸርኬ ይገዙና የተላጨ ጎማ ያለብሱታል። ይህ በአዲስ ልብስ ላይ የተቀደደ ጫማ ማድረግ ነው።

ጎማ ስትገዙ ጎኑን አንብቡ። በጎኑ ላይ በተዘጋ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ አለ። ለምሳሌ 2319 ቢል፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጎማው ካረጀ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሻጭ «አዲስ ነው» ሲላችሁ አኃዙን አሳየኝ በሉት።

ስፋቱንም በሒሳብ ምረጡ። የዲኤክስ ጎማ በድሮው አጻጻፍ 155 ባለ 13 ነው፤ ቁመቱ 578 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሰፋ ያለ የሚፈልግ 185/60 ባለ 14 ቢያደርግ ቁመቱ ያው 578 ይመጣል፤ 195/50 ባለ 15 ቢያደርግ 576 ነው። እነዚህ ይስማማሉ። አንዱ ልጅ ግን 205/60 ባለ 15 አድርጎ መጣ፤ ይህ 627 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ይታሻል። ይህ ብቻ አይደለም፤ የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲል መኪናው የሚሄደው 108 ነው። ማርሹም ይረዝማልና ያችው ደካማ ሞተር ይብሱን ትደክማለች። ልጁ ገንዘብ ከፍሎ ጉልበት ቀነሰ ማለት ነው!

ቸርኬውን ወደ ውጭ ለማውጣት ከኋላው የሚገባውን ወፍራም ቀለበት በተመለከተ፣ ኩሽኔታውን ያለ ዕድሜው ይበላል፤ ብሎኖቹም አጭር ጥርስ ይዘው ይቀራሉ። አልመክረውም። ተሰብሮ የተበየደ ቸርኬም አትግዙ። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ቸርኬውን ገልብጣችሁ ከውስጥ በኩል እዩት፤ ቀለም የብየዳን ጠባሳ የሚሸፍነው ከውጭ በኩል ነውና።

ሦስተኛ፦ ሞላ።

አሁን ይቺን ጋዜጣ ልፍታት። እዩዋት፤ የሞላ ቁራጭ ናት፤ አንድ ዙር ተኩል። በጋራዤ ግድግዳ ላይ በምስማር ተንጠልጥላ ነው የኖረችው። አንዳንዶቻችሁ አይታችኋታል፤ ለምን እንደ ሰቀልኋት ግን ተናግሬ አላውቅም።

ያኔ ገና ወጣት ሠራተኛ ነበርሁ። አንድ በእድሜ እኩያዬ የሆነ ልጅ ዲኤክሱን ይዞ መጣ። «ከኋላ ዝቅ አድርግልኝ» አለኝ። ለመኪናዋ ተብሎ የተሠራ አጭር ሞላ መግዣ አልነበረውም፤ እኔም «ምን ችግር አለ፣ እንቆርጠዋለን» አልሁት። በመጋዝ ቆረጥሁ፤ መልሼ ገጠምሁ። መኪናዋ አማረች። ልጁ ተደሰተ፤ ጉርሻም ሰጠኝ።

የዲኤክስ የኋላ ሞላ ከላይም ከታችም በሳህኑ መካከል የሚቀመጠው የመኪናው ክብደት ተጭኖት ነው። ሾክ አብዞርበሩ ለብቻው ነው፤ ሞላውን አቅፎ አይዝም። ሙሉ ሞላ ሲሆን፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ሞላው ይዘረጋና ሳህኑን ሳይለቅ ይከተላል። የተቆረጠ ሲሆን ግን ሾክ አብዞርበሩ የድሮው ርዝመት እንዳለው ነውና ጎማው ይወርዳል፣ ሞላው ግን አይደርስም። ክፍተት ይፈጠራል። በሦስተኛው ሳምንት ያ ልጅ ጉብታ ዘልሎ ሲያርፍ አንዱ ሞላ ከቦታው ወጣ። መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ወድቃ ቦይ ገባች። እግሩ ከሁለት ቦታ ተሰበረ። ዛሬም ያነክሳል።

ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት። አልሰደበኝም። «ቁራጩን ምን አደረግኸው?» አለኝ። «ጋራዥ አለ» አልሁት። «አትጣለው» አለኝ። አልጣልሁትም።

ስለዚህ ወጣቶች፣ ሞላ ለማስቆረጥ ወደ እኔ አትምጡ። በእሳት አግሎ ማስተኛት ደግሞ ከመቁረጥም ይከፋል፤ ብረቱ የተነከረበትን ጥንካሬ ያጠፋዋልና። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ ሞላ ሲያጥር ይጠነክራል እንጂ አይለሰልስም። 8 የሚሠራ ዙር ካለው ላይ 2 ብትቆርጡለት ጥንካሬው በሲሶ ይጨምራል። ሾክ አብዞርበሩ ግን ለድሮው የተሠራ ስለ ሆነ ሊገታው አይችልም፤ መኪናዋ በጉብታ ላይ ትዘልላለች፤ የዘለለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይሰማም። ዝቅ ማድረግ የፈለገ፣ ልኩ ታውቆ የተሠራ ሞላ ከሚስማማው አጠር ያለ ሾክ አብዞርበር ጋር አንድ ላይ ይግዛ። ገንዘብ ካልበቃው ያረጁ ቦኮላዎችን ብቻ አስለውጦ ይጠብቅ። አዲስ ቦኮላ የገባላት ዲኤክስ ራሷን ሌላ መኪና ትሆናለች፤ ልዩነቱን መሪው ላይ ታገኙታላችሁ።

አራተኛ፦ ያለውን ሞተር ማስተካከል።

ከሁሉ ርካሹ ጉልበት ይህ ነው። የቫልቭ ክፍተት ማስተካከል፣ ካንዴላ መለወጥ፣ የእሳቱን ሰዓት ማስመር፣ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን ጅግለር ለከፍታችን በሚስማማ አነስተኛ ቀዳዳ መቀየር። ይህ ሁሉ ተደምሮ የአንድ አብረቅራቂ ቸርኬ ዋጋ አይሞላም። ጢሱ ይቀንሳል፣ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ዳገትም ይወጣል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ለአዲስ አበባ የተስተካከለ መኪና ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚኑ ያንስበታል፣ ሞተሩም ይግላል። ቆላ የሚወርድ ሰው መልሶ ያስተካክል።

የአየር ፊልትሮ አውልቆ መንዳት ደግሞ በፍጹም አይገባም። በበጋ አቧራችን ሞተር ውስጥ ሲገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ሲሊንደሩን ይሞርደዋል። ክፍቱ ፊልትሮ ሾጣጣውም ቢሆን ከራዲያተር ጀርባ ከተቀመጠ የሚስበው የጋለ አየር ነው፤ የጋለ አየር ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ጉልበት አይሰጥም። ድምፁ ግን ያምራል፤ እሱን አልክድም።

አምስተኛ፦ ማርሚታ።

እዚህ ላይ አባቶችና እናቶች ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ክሱ ያለው እዚህ ነውና። የጭስ ቧንቧ በልኩ ሰፋ ቢል፣ ከሞተሩ ላይ የሚነሡት አራት ቧንቧዎችም በሥርዓት ቢገናኙ ሞተሩ መተንፈሱ ይቀለዋል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ለዚህ ማርሚታ ማውለቅ አያስፈልግም። በ53 ፈረስ ሞተር ላይ ማርሚታ አውልቆ የሚገኘው ትርፍ ሾፌሩ በእግሩ የሚያውቀው አይደለም፤ የሚያውቀው ጎረቤቱ በጆሮው ነው። ሠርግ ላይ የሚጮኸው ሁሉ ሙሽራ አይደለም!

ደግሞም አደጋ አለው። ከመቀመጫው ሥር የተቆረጠና በቅጡ ያልተበየደ ቧንቧ ጭሱን ወደ ውስጥ ያስገባል። በዚያ ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ አለ። መስኮት ዘግቶ፣ ሞተር አስነሥቶ፣ ሙዚቃ እያዳመጠ የሚቀመጥ ልጅ እንቅልፍ የወሰደው መስሎት በዚያው ይቀራል። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም፤ የታወቀ ነገር ነው።

ስድስተኛ፦ ሞተር መለወጥ።

ይህ የመጨረሻው ነው። 4ኤ-ጂኢ ያገኘ ሰው ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ ሞላውን ከጨረሰ በኋላ ይግጠም፤ እኔም ደስ እያለኝ አግዘዋለሁ። ነገር ግን ሞተሩ ብቻ አይበቃም፤ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ራዲያተሩ፣ የኋላ ዲፈረንሻሉ አብረው መታሰብ አለባቸው። የሞተሩ ቁጥርም ሊብሬ ላይ ተጽፏል። ከመግዛታችሁ በፊት የሻጩን ሕጋዊ ሰነድ ጠይቁ፤ ከገጠማችሁ በኋላ ለውጡን በሊብሬው ላይ አስመዝግቡ። አለዚያ ቦሎ ሲታደስ ትያዛላችሁ፤ መኪናው ሲሸጥም ውል አይፈጸምም። የመድን ውላችሁንም አንብቡና ለውጡን በጽሑፍ አሳውቁ። አደጋ ከደረሰ በኋላ «አላወቅሁም» ቢሉ የሚሰማ የለም።

እግረ መንገዴን ስለ መብራት አንድ ቃል ልጨምር። ለድሮው አምፑል በተሠራ ፓውዛ ውስጥ ያን ነጭ የሚያበራውን ኤልኢዲ ስትከቱ ብርሃኑ ተበትኖ የሚያየው ፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ነው። ለእናንተ ያበራ ይመስላችኋል፤ ለሌላው ዕውርነት ነው። ቀበቶም እሰሩ፤ የአርባ ዓመት ቀበቶ ጠርዙ ከተበጣጠሰ ይለወጥ።

እንግዲህ ወደ ማጠቃለያው ልምጣ።

ለወላጆችና ለሽማግሌዎች የምለው ይህን ነው። የተነካካ መኪና ሁሉ አደጋ አይደለም። በሚገባ የተነካ መኪና፣ ሳይነካ ከተተወው አሮጌ ይሻላል። ከዚህ ሠፈር ብናባርራቸው ልጆቹ መኪናቸውን አይጥሉም፤ ሌላ ሠፈር፣ ሌላ ሰው ልጅ ፊት ነው የሚነዱት። ሞላቸውንም ማንም በማያየው ቦታ ነው የሚያስቆርጡት። ያኔ እኔን የከለከለኝ አንድም ሽማግሌ አልነበረም፤ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ «ተው» የሚል አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ልጅ ዛሬ ሳያነክስ ይሄድ ነበር።

ለወጣቶች ደግሞ የምለው ይህን ነው። መንገዱ የእናንተ ብቻ አይደለም። ፍጥነት የሚሞከረው በተዘጋ ቦታ፣ የሚመለከተው አካል ፈቅዶ፣ አምቡላንስ ቆሞ ነው እንጂ ሕፃን ዳቦ ሊገዛ በሚሻገርበት አስፋልት ላይ አይደለም። ክብር ከፈለጋችሁ ኮፈኑን ክፈቱና ሥራችሁን አሳዩ፤ ሥራው ንጹሕ ከሆነ ሳይጮህ ይታወቃል።

እኔም በበኩሌ ባዶ እጄን አልመጣሁም። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በጋራዤ በር ላይ የሠፈሩን ልጆች መኪና ያለ ዋጋ አያለሁ፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ ሞላ፣ የጭስ ቧንቧ። ማርሚታውን ላወለቀ ልጅ፣ ማርሚታውን ይዞ ይምጣ እንጂ ብየዳው በነጻ ነው። ይቺ ቁራጭ ደግሞ በዚያው ተሰቅላ ትቆያለች፤ ዛሬ ነገሯን ስላወቃችሁ ስትመጡ እዩዋት።

ስለ ሰማችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

* * *

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹ፦

አንድ ወጣት፦ ጋሼ፣ አየሩ ስስ ከሆነ ቱርቦ ቢገጠምለት አይሻልም? ያስታርቀዋል ሲሉ ሰምቻለሁ።

መልስ፦ የሰማኸው ልክ ነው። ቱርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው የወሰደውን ይመልሳል። ነገር ግን 4ኬ ያለ ቱርቦ እንዲሠራ የተሠራ ሞተር ነው። አየሩን ስትጨምርለት ቤንዚኑም በልኩ መጨመር አለበት፤ ካልሆነ ፒስቶኑ ይቀልጣል፣ የቴስታታው ጋርኒሲዮንም ይቃጠላል። የዚያን ሁሉ ወጪ ደምረህ ስታየው ጤነኛ 4ኤ-ጂኢ ፈልጎ መግጠም ይቀልሃል። አንተ ደግሞ፣ ልጄ፣ የኋላ ፍሬንህን ገና አላስከፈትህም፤ ትናንት ሲንሲያጥጥ ሰምቼዋለሁ።

አንዲት እናት፦ ልጄ ደመወዙን በሙሉ ለመኪናው ነው የሚያውለው። ምን ልበለው?

መልስ፦ ተው አይበሉት፤ አይሰማዎትም። ይልቅ «ከምታወጣው ገንዘብ ግማሹ ለማይታየው ነገር ይሁን» ይበሉት። የማይታየው ፍሬኑ፣ ቦኮላው፣ የጎማው ዕድሜ ነው። ለማይታየው ነገር ገንዘብ የሚያወጣ ልጅ ዐዋቂ ሆኗል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ብዙም አይጨነቁ።

አንድ አዛውንት፦ ሁሉ መልካም ነው፤ ዛሬ ማታስ እንተኛለን ወይ?

መልስ፦ ይህን እኔ አልመልስም፤ በር አጠገብ ያሉት ይመልሱ።

ከዚህ በኋላ ከወጣቶቹ አንዱ ተነሥቶ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በሠፈሩ ውስጥ ሞተር እንደማያስጮኹ፣ በትምህርት ቤቱ በኩልም በዝግታ እንደሚያልፉ በጓደኞቹ ስም ቃል ገባ። የእገዳው ሐሳብ ያቀረቡት አባልም ሐሳባቸው ለሦስት ወር እንዲዘገይና የወጣቶቹ ቃል እንዲታይ ተስማምተዋል። ቃሉ ካልተጠበቀ ጉዳዩ ያለ ተጨማሪ ክርክር ለድምፅ እንደሚቀርብ ሰብሳቢው አስታውቀዋል።

ማሳሰቢያ፦ የመጀመሪያው የቅዳሜ ምርመራ በዚህ ወር መጨረሻ ይጀምራል። የሚመጡ ባለመኪናዎች ክሪክና መለዋወጫ ጎማቸውን ይዘው እንዲመጡ ማኅበሩ ያሳስባል።